ቋጠሮ

ዲግዳጋ፣ ራስ አል ኸይማ፣ ጨው በገባበት ማሳ፣
ቲማቲሙ በቀትር ይሞታል፣ ሲመሽ ሊነሳ።
እኔ ምሳ ነው የማመላልሰው፤ የቤት ሠራተኛ ነኝ፣
ሩዙን አድርሼ፣ ትሪውን ይዤ እንድመለስ የታዘዝኩኝ።
ዓይን ግን ቅጥር አያውቅም፣
ሲያይ ፈቃድ አይጠይቅም።

ኸልፋን፣ ባለማሳው፣ ከቁርቁራው ጥላ ይቆጣል፦
«ይኼ ሞክሌስ ሌሊት ቧንቧ ዘግቶ ይተኛል!»
ሞክሌስ፣ የሲልሄት ሰው፣ ላቡን በሽርጡ ጠርጎ
ዝም ይላል፣ የቧንቧውን ቁልፍ እንደ ክታብ ባንገቱ አድርጎ።

ውኃ ተጨመረ። ቅጠሉ ከግርጌ ቢጫ ለበሰ።
ማዳበሪያ ተጨመረ። ያው ነው፤ እንዲያውም ባሰ።
«ጨዉ ነው» አለ አንዱ። «ነጭ ዝንብ ነው» ያለው ረጨ፤
ላዩ ታጠበ፤ የታችኛው ግን ጥርሱን አፋጨ።

እኔ ክቡን አየሁት። ጨው ቢሆን ሁሉን በመታ፤
ይኼ እንደ ቆረቆር ነው፣ እዚህ ቦታ፣ እዚያ ቦታ፤
በክቡ መሐል ድንክ፣ ከክቡ ወዲያ ለምለም።
ውኃ የጠማውማ፣ አፈሩ ረጥቦ ሳለ አይዝልም።

መቂ ላይ፣ ካባቴ ጋር፣ በውኃ ሞተር ጭስ ያደግሁ፣
ፊደል ሳልቆጥር በፊት ሥር በጥፍሬ ያነበብሁ፣
ትሪውን መሬት አኖርሁ፤ በሩዝ ማንኪያ ዙሪያውን ማስሁ።
ጎትቶ የነቀለ ሰው፣ ማስረጃውን አፈር ይውጥበታል፤
ቀጭኑ ሥር ተበጥሶ ይቀራል፣ እጁ ላይ ግንድ ብቻ ይመጣል።
በባልዲ አለቀለቅሁና ወደ ፀሐይ አነሳሁት፦
ፀጉር መሆን የነበረበት፣ ዝንጅብል ሆኖ አገኘሁት፤
ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ፣
አንዱ ሳይፈታ ሌላው፣ እንደኔ ያገር ቤት ጉዳይ።

«ባባ» አልሁ፣ «ጥፋቱ የሞክሌስ አይደለም።» ቀና አለ።
«ባቄላም ከሥሩ ኳስ ያወጣል፤ ማን በዚያ ታመመ ተባለ?»
«የባቄላው ከጎን ነው፤ በጣት ሲፍቁት ይረግፋል፤
ይኼ ግን የሥሩ ሥጋ ነው፤ ሲፍቁት ሥሩ ይዘነጠፋል።»
አንዱን እብጠት በጥፍሬ ሰነጠቅሁ፤ እናቲቱ ወጣች፣
ከመርፌ ራስ የማትበልጥ፣ በፀሐይ እንደ ዕንቁ ነጣች።
ኸልፋን ዝም አለ። አያቱ ዕንቁ ጠላቂ ነበሩ፤
ለዚህችኛዋ ግን ማንም አልጠለቀ እስከ ሥሩ።

«ታዲያስ?»
«ከነሥሩ ንቀሉት። ክምር ላይ አይጣል፣ ይቃጠል።
በታመመው ክብ የሠራ አካፋ ሳይታጠብ ወደ ጤነኛው አይዝለል።
ሐምሌ ላይ አርሳችሁ፣ አጠጥታችሁ፣ ላስቲክ አልብሱት፤
ስድስት ሳምንት ተዘግቶ ይቆይ፤ ጠርዙን ቅበሩት።
ይህች ፀሐይ እኛን ስትፈጅ ኖራለች፤ አንድ ክረምት ለእኛ ትፍጅ።
ከዚያም ባሚያ አትዝሩ፣ ደበርጃን አትትከሉ፤ ሁለቱም የትሉ ወዳጅ።»

«ጌንዳ» አለ ሞክሌስ፤ ድምፁን ያን ቀን ነው የሰማሁት።
ቢጫ አበባ፣ ሽታው ከባድ፤ እናቱ ማሳ ላይ ትዘራዋለች፤
ትሉ ሥሩ ገብቶ አይወልድም፣ ትላለች።

ኸልፋን አላመሰገነኝም። «ሩዙ ቀዘቀዘ» አለ።
ሐምሌ ግን፣ ከጣራ ላይ ልብስ ሳሰጣ፣ ማሳው እንደ ባሕር ተንጣለለ፤
ላስቲክ። ዳር እስከዳር። ሞክሌስ በጠርዙ ይመላለሳል፣
ባንገቱ ቁልፍ የለም።

ትሉ አያልቅም፤ ያባቴም አላለቀ። ያንሳል እንጂ።
የሚቋቋም ዘር መጣ ይላሉ፤ እሱም አፈር ሲግል ይሰጣል እጅ።
ዘንድሮም ምሳ ሳደርስ፣ አንዱን ግንድ ከግርጌው ገለጥ አድርጌ አያለሁ፤
ያችን ማንኪያ ከሌሎቹ ለይቼ አጥባለሁ።